በእንጨት መዶሻ ሦስት ጊዜ

ማሳን፣ ሜይ 9 ቀን 1999

ለአማቼ ለቴገን፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱ የዘገየው ከንቀት አይደለም፣ ከስንፍና ነው፤ ስንፍና ደግሞ በኔ ዕድሜ ይፈቀዳል። እኛ ደህና ነን። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። አማትህ ስልክ ባነሳች ቁጥር ልጃችንን ኡንሲልን የምትጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በላሽ ወይ?» እርጉዝ ሴት ራሷን አታስርብም፣ ተያት ብላት አልሰማ አለችኝ።

የጻፍክልኝ እውነት ከሆነ ጉድ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ «የትንሹ ቤት መኪና በጓሮዬ አይቆምም» እያልኩ ስዝትብህ ኖሬ፣ ትልቁ ቤት፣ የኛ ፋብሪካ፣ ትንሹን ቤት፣ የናንተን ፋብሪካ፣ ገዝቶ ቁጭ! አሁን ደግሞ የናንተ መካከለኛ መኪና በኛ ወለል ላይ ሊቀመጥ ነው። ያው ወለል፣ ያው የሞተር ማረፊያ፣ በፊት ጎማ የሚጎተት ያው አሠራር፤ የሚለየው ከላይ ያለው ላሜራ ብቻ። እኔ እዚህ ማሳን ወለል ስበይድ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንተ እዚያ ቾናን የመኪናውን የኋላ እግር፣ ጎማውን የሚሸከመውን፣ ትነድፋለህ፤ ባለቤቶቹ በአንድ ፊርማ አጋቡን። ይህን ለጓዶቼ ስነግራቸው ያንግ ምን አለኝ? «ጋሽ ማንሶክ፣ እንግዲህ ዶሮዋ መታረዷ ነው።» ለአማች ዶሮ የምታርደው አማት ናት፣ እኔን አታስገባኝ አልኩት።

አምስተኛው ጣቢያ ላይ ምን ምን እንደምንሠራ ጠይቀሃል። ብየዳ ነው፣ ምኑ ይወራል። ስትመጣ እንጨዋወታለን።

አባትህ ቹ ማንሶክ


ቾናን፣ ጁን 6 ቀን 1999

ለተከበሩ አባቴ፣

የላኩልን የደረቀ ዓሣ በደህና ደርሷል። ኡንሲል ትልቁን ብቻዋን ጨረሰችው፤ እናቴ «በላች ወይ» ብለው ቢጠይቁኝ አሁን በሙሉ አፌ እመልሳለሁ። የለውዝ ኬክ ልኬልዎታለሁ፤ ሐኪሙ ስኳር እንደከለከለዎት አውቃለሁና ሣጥኑ የተላከው በእናቴ ስም ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው አድራሻ የላክሁት ሆን ብዬ ነው። እናትና ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይደዋወላሉ። እዚያ ቤት የገባ ወሬ በማግሥቱ እዚህ ነው፤ ኡንሲል ደግሞ ይህን እንድታውቅ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከናንተ በመጣው ንድፍ ወለሉን እዚሁ ሠርተን የኛን አካል ጫንንበት። አራት የሙከራ መኪናዎች ወጡ፤ አራቱም ወደ ቀኝ ይስባሉ። መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉት መኪናው መንገዱን ትቶ ሣር ሊግጥ ይሄዳል። ወለሉን ለካነው፣ ደግመን ለካነው፣ ከንድፉ ጋር አንድ ፀጉር አይለያይም። የናንተ መኪና በዚሁ ወለል ስምንት ዓመት ቀጥ ብሎ ሄዷል። ስለዚህ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ «ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ጎማ ማንጠልጠል የማያውቁት የትንሹ ቤት ሰዎች ናቸው።» የኋላውን እግር የነደፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ወለል ከማሳን ይላክልን ብዬ ለመንኩ። «ንድፉ ይበቃችኋል» ተባልኩ።

ቡድናችን አሥራ አንድ ሰው ነው። ከቹሶክ፣ ከመከሩ በዓል፣ በፊት መኪናው ቀጥ ካላለ ይበተናል፣ እኔም ከሥራ እወጣለሁ። ልጃችን የሚወለደው በኖቬምበር ነው።

አባቴ፣ ወረቀቱ የማያውቀው፣ እጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር እናንተ ጋ ይኖር ይሆን?

ልጅዎ ፕዮ ቴገን


ማሳን፣ ጁን 27 ቀን 1999

ለቴገን፣

ኬኩ ደርሷል። እናትህ አንድ ሰጥታኝ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፣ ወደቡ ዳር ያሉት ሱቆች አሸዋ በከረጢት ደርድረዋል። የያንግ ልጅ ከውትድርና ተመለሰ፣ ከስቶ። ለኡንሲል የሚሆን የባሕር ሣር ልከናል፤ ለወለደች ነው የሚባለው፣ ግን አሁንም ብትበላው አይጎዳትም።

የጠየቅኸኝን አየሁት። ከዚህ የሚወጣው ወለል ቀጥ ያለ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

አይዞህ። ወጣት ነህ።

ማንሶክ


ቾናን፣ ጁላይ 18 ቀን 1999

ለተከበሩ አባቴ፣

የመጨረሻው ደብዳቤዎ አጭር ነበር። አጭር ደብዳቤ እንደማያምርብዎት ያውቃሉ? እንደ ኡንሲል አባባል አባቷ አጭር የሚጽፈው ሲከፋው ብቻ ነው። በጥያቄዬ ቤታችሁን የከሰስኩ መስሎ ተሰምቶዎት ከሆነ ተሳስቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደግሜ አልጠይቅም።

የባሕር ሣሩን ሾርባ ሠርተን በላን። ኡንሲል ሆዷ ገፍቷል፣ ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ። ልጁ ይራገጣል፤ «ያባቴ እግር ነው፣ ኃይለኛ» ትላለች።

ስለ ሥራው ባይጠይቁኝም፣ ሌላ አራት መኪናዎች ሠራን። የኋላውን እግር ሦስት ጊዜ ለዋወጥሁት፣ ለውጥ የለም። በማክሰኞው ስብሰባ ከትልቁ ቤት የመጡት ሹም በሰው ሁሉ ፊት «ምናልባት መንገዱን ወደ ግራ ብናጣምመው ይሻል ይሆናል» አሉ። ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ሳይባረሩ በራሳቸው ለቀቁ።

ለሌላ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁ። በዚህ ዘመን ከአንድ መኪና ፋብሪካ ወድቆ ሌላ ጋ የተነሣ ሰው አላየሁም። ኡንሲል «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ። ውሸት ለመድኩ።

ልጅዎ ቴገን


ማሳን፣ ኦገስት 8 ቀን 1999

ልጄ፣

ቁጭ በልና አንብብ። አጠገብህ ሰው ካለ ይውጣ።

መጀመሪያ ይቅርታህን እሻለሁ። በጁን ስትጠይቀኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥሁት። አንተ እዚያ በሰው ፊት ሲሣቅብህ እኔ እዚህ ስለ አሸዋ ከረጢት እጽፍልሃለሁ። አፈርሁ።

የጠየቅኸው ነገር አለ። የኋላው እግር ቀኝ ክንድ በቡሎን የሚታሰርበት መያዣ ብረት ንድፉ ላይ አራት ሚሊሜትር ተዛንፏል። ለብየዳ ብረቱን ቦታው ላይ አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያችን በንድፉ የተሠራ ነውና እኛም ጋ ተዛንፎ ነው የሚመጣው። አምስተኛው ጣቢያ ላይ ያለነው አራት ሰዎች፣ ብየዳው ከመግባቱ በፊት ጠርዙን በእንጨት መዶሻ ሦስት ጊዜ እንመታዋለን፤ ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርገን። ከዚያ ቦታው ይገባል። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። የትም አልተጻፈም። አዲስ ሰው ሲመጣ ያንግ እጁን ይዞ ያለማምደዋል።

ለምን አልተነገረም ትላለህ። ንድፉ የማን መሰለህ? የጋሽ ኦክ ነው። ሠርጋችሁን የመረቁት፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ትዕግሥት የመከሩህ ጋሽ ኦክ። እኔን በወጣትነቴ ከመጋዘን አውጥተው ንድፍ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በ1991 ወለሉ ሲጀመር ስህተቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ያን ሳምንት ሹመት አግኝተው የደስ ደስ እየበላን ነበር። «በዓሉ ይለፍና እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በዓሉ አለፈ፣ መዶሻው ቀረ። ከዚያ በኋላማ ለመናገር ረፈደ፤ አንድ ዓመት ያለፈው ነገር ሲነገር ከስህተቱ ይልቅ ዝምታው ይሸታል።

ባለፈው እሑድ አውቶቡስ ይዤ ጂንጁ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በርበሬ ሳይሆን በለስ ሳይሆን ፒር የሚባል ፍራፍሬ ነው የሚያለሙት፤ ፍሬው ሁሉ በወረቀት ከረጢት ተሸፍኗል። ያንተን ደብዳቤ አስነበብኳቸው፣ ከዚያ ተንበርክኬ ተናገርኩ።

«አራት ሚሊሜትር?» አሉኝ።

«አራት፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ ቀን።»

«እና በየበዓሉ ‹እጅዎ ይባረክ› እያልክ ትቀዳልኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«አንተ ደደብ! ብትነግረኝ ኖሮ ጠዋት አፍሬ ከሰዓት አርሜው እገባ ነበር። የፋብሪካው ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ ስምንት ዓመት አስቀመጥከኝ። ይሄ ነው ማክበር? በቁሜ ቀበርከኝ እኮ!»

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ስድባቸውን ለምጄዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሚስታቸው ቀዝቃዛ ኑድል ይዘው ገቡ። ከበላን በኋላ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ይዤው የሄድኩትን የንድፉን ቅጂ የቤቱ ወለል ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። «ከየትኛው ጠርዝ እንደለካሁ ገባኝ» ብለው ቁጥሩን በቀይ አረሙት፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ቀኑንም። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ልሳፈር ስል «ልጁ የኡንሲል ባል አይደለም? ምን ትገተራለህ፣ ቶሎ ፖስታ ቤት ሂድ» አሉኝ።

ወረቀቱ እዚህ ውስጥ ነው። አስገባው። ማን ያውቅ ነበር ብለው ቢጠይቁህ ስሜን ንገራቸው።

አባትህ ማንሶክ


ቾናን፣ ኦገስት 22 ቀን 1999

ለምወድዎት አባቴ፣

ደብዳቤዎን የመኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ አነበብኩት። አነባሁ። አንድ ጥበቃ «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ፤ አይ፣ ተነሣልኝ አልኩት።

በዚያው ሳምንት ከግራር እንጨት መዶሻ አስጠረብኩ። በአራተኛው መኪና ላይ መያዣውን አስፈታሁና እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ሁለቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ። በመጀመሪያው ቀን አልገባልኝም፣ አንድ ብረት አበላሸሁ። በሁለተኛው ቀን ገባ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ! ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፣ እንዳይቆጡ። የጋሽ ኦክን ወረቀት ገና አላስገባሁትም። ለምን እናስገባዋለን? እዚህም ሁለት ሰው እናቆምና ያስለመዱኝን አስለምዳቸዋለሁ። መኪናው ቀጥ ይላል፣ ቡድኑ ይተርፋል፣ የሽማግሌው ስም በየቢሮው አይዞርም። ማንም አይጎዳም። ኡንሲል እንደምትለው እናንተ ቤት ሁሉም ነገር በዝምታ ይበጃል።

ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ በአምስተኛው ጣቢያ ከእነዚያ ሦስት ምቶች ሌላ የምትሠሩት ሥራ አለ?

ልጅዎ ቴገን


ማሳን፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1999

ለቴገን፣

ተቆጥቻለሁ። እንዳይቆጡ ማለትህ አላዳነህም።

የጠየቅኸኝን ዙሪያ ጥምጥም አትሂድበት፣ ገብቶኛል። የለም፤ ሌላ ሥራ የለንም። ማሰሪያው ከታረመ አምስተኛው ጣቢያ አያስፈልግም። ሦስቱ ልጆች ወደ በር ክፍል ይዛወራሉ፣ እኔ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ወደ ቤቴ። ይህን አስልተህ ነው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የከተትከው። ስታሰላ ደግሞ እኔ ያላሰላሁት መሰለህ?

እውነቱን ልንገርህ፣ አንዴ ከጀመርኩ። በጁን ዝም ያልኩት ለጋሽ ኦክ ክብር ብቻ አልነበረም። ለዚያም ነበር፤ ግን ለራሴም ፈርቼ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ማጣት ያስፈራኛል። የልጄን ባል እንጀራ ከኔ ወንበር ጋር በሚዛን አስቀምጬ አንድ ወር ተኩል ወዲያና ወዲህ አልኩ። ይኸው፣ አሁን ታውቃለህ። ከፈለግህ ናቀኝ።

ግን ያንን «ሐሳብ» የምትለውን ነገር አልቀበልም። ነገ ትልቁ ቤት ሦስተኛ መኪና በዚሁ ወለል ላይ ቢጭን እዚያም ሁለት ሰው ታቆማለህ? ለሚወለደው ልጅህም መዶሻ ልትሰጠው ነው? ያንግ መሳቱን፣ መታመሙን፣ መሞቱን አስበሃል? አንድ ቀን አንድ ሰው ምቱን ይረሳል፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው የማን ልጅ እንደሆነ አታውቅም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። እኔ በጋሽ ኦክ ላይ ያደረግሁትን አንተ በኔ ላይ እያደረግህ ነው። አክብረኸኝ ዝም አልክ። ጂንጁ ላይ ያ ዓይነቱ ክብር የሰውን ከንፈር ሲያንቀጠቅጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን በቁሜ አትቅበረኝ፤ ሲደርስ በደንብ ትቀብረኛለህ፣ ዶሮም ታርዳለህ።

ነገ አስገባ። አለዚያ ባቡር ተሳፍሬ መጥቼ ራሴ አስገባዋለሁ፣ ኡንሲልም ከኔው አፍ ትሰማለች።

ማንሶክ


ቾናን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1999

ለአባቴ፣

አስገባሁት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሰዓቱ፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ።

ስብሰባው ረጅም ነበር። ያ የመንገዱን ቀልድ የቀለዱት ሹም የጋሽ ኦክን ፊርማ ሲያዩ ተነሥተው ቆሙ፤ ለካ እሳቸውም በወጣትነታቸው የጋሽ ኦክ ተማሪ ነበሩ። «ማን ያውቅ ነበር?» ሲሉ የርስዎን ስም ሰጠሁ። «ዝምድና አላችሁ?» አሉ። «አባቴ ነው» አልኩ።

የኛ ማሰሪያ ታርሞ ዘጠነኛው መኪና ወጣ። ሹሙን አጠገቤ አስቀምጬ ረጅሙን የሙከራ መንገድ ያዝኩት፤ መሪውን ለቅቄ እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እሳቸው የበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘዋል። መኪናው ዝም ብሎ ሄደ፣ ሄደ። መንገዱ ሲያልቅ «በቃ፣ ያዘው» አሉኝ። ቡድኑ አይበተንም።

ለኡንሲል ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «አንተና አባቴ እኮ አንድ ናችሁ፤ ሁለታችሁም እኔን ለማዳን ብላችሁ እኔን ብቻ አትነግሩኝም» ብላ ትራስ ወረወረችብኝ። ደግነቱ ትራሱ ለስላሳ ነው።

የአምስተኛው ጣቢያን ውሳኔ ዛሬ ሰማሁ። ማሰሪያችሁን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይለውጡታል አሉ። አባቴ፣ ዳንኩ፤ ደስ ግን አላለኝም። ምን ልሥራ? እርስዎስ ምን ይሠራሉ? ለቹሶክ እንመጣለን፣ ፊትዎን ማየት አፍሬ ከበር ብቆም እጄን ይዘው ያስገቡኝ።

ልጅዎ ቴገን


ማሳን፣ ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1999

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ወደዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ላይደርስህ ይችላል፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ልጽፈው ፈለግሁ፤ ፊት ለፊት እንዲህ አልናገረውም።

ቅዳሜና እሑድ ማሰሪያውን ለወጡት። ዛሬ ጠዋት አራታችንም እንደ ወትሮው ቦታችን ላይ ቆምን፤ የመጨረሻ ቀናችን ነው፣ አይታችሁ አረጋግጡ ተባልን። የመጀመሪያው ወለል መጣ። እጄ መዶሻውን ይዞ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፣ ራሱ ተነሣ። ያንግ አንጓዬን ያዘኝና «ጋሼ፣ ተወው፣ ገብቷል» አለኝ።

መዶሻውን አስቀምጬ በጣቴ ዳበስኩት። ገብቷል። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ገብቷል። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ልጆቹ ወደ በር ክፍል ከሄዱ በኋላም ብቻዬን እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜ አንድ በአንድ ዳበስኳቸው። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ጋሽ ኦክ ጋ ደወልኩና «ቀጥ ብሏል» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል፣ አሮጌ?» አሉኝ፤ የሳቸውም ድምፅ ደህና አልነበረም።

ከእንግዲህ ምን እንደምሠራ ጠይቀሃል። አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ይከብደኛል ብዬ እፈራለሁ፣ እናትህም ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስታየኝ ሳይከብዳት አይቀርም። አንተ ግን ዕዳ አለብኝ ብለህ ፊትህን አጥቁረህ እንዳትመጣብኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የመታሁት እኮ ቀጥ እንዲል ነው። ይኸው፣ ቀጥ አለ።

አባትህ